በአንኮበር ቁልቁለት፤ ከአራስነት በፊት ያለው ወር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄድ መንገደኛ ሰንዳፋን፥ ሸኖንና ጫጫን አልፎ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን መናገሻ ያደረጓት ይህች ከተማ ስሟ የብርሃን ቢሆንም በጥር ማለዳ እንግዳዋን የምትቀበለው በውርጭ ነው። የገብሱ አዝመራ ተሰብስቦ አልቋል፤ በየደጁ የተከመረው ጭድ፥ በድንጋይ የተካበው አጥር፥ ጋቢውንም እስከ ዐይኑ ድረስ የተከናነበው እረኛ ብቻ ይታያሉ። ከዚህ ወደ ምሥራቅ ለሚታጠፈው መንገደኛ ገና 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። መንገዱ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ሲል ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል በጭጋግ ውስጥ እንደ ዘበኛ ቆሞ ይታያል፤ የጭላዳ ዝንጀሮም በመንጋ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ መኪና መጣ ብሎ አይደነግጥም። ጥቂት እንደ ተሄደ ደጋው ሳይታሰብ ይቆረጥና ከእግር በታች ገደል፥ ከገደሉ በታች ኮረብታ፥ ከኮረብታውም በታች እስከ አፋር በረሃ የሚዘረጋ ሰማያዊ ቆላ ይገለጣል። አንኮበር የሚባለው አገር ይህ ነው።

ስሙን “የአንኮ በር” ከሚል የሚያመጡት ሽማግሌዎች አሉ፤ አንኮ ማን እንደ ነበረች ሁሉም በየፊናው ይተርካል፤ አገሩ በር መሆኑ ግን ለሚያየው ሁሉ ግልጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በዚህ ተቀምጠው ደጋውንም ቆላውንም ይመለከቱ ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መልእክተኞች ከታጁራ ጠረፍ ተነሥተው በረሃውን አቋርጠው ወደ እርሳቸው የወጡት በዚሁ አቀበት ነው። ዳግማዊ ምኒልክም ወደ እንጦጦ፥ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ከመዛወራቸው በፊት በዚህ ነግሠው ተቀምጠዋል። ዛሬ በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ከጥንቱ ሕንፃ የሚታየው የግንብ ቁራጭ ነው፤ የእንግዳ ማረፊያም ተሠርቶበታል። አብያተ ክርስቲያናቱ ግን በጽድና በወይራ ተከበው በየጉብታው አሉ፤ ማለዳ የአንዱ ደወል ሲደወል ከማዶ ያለው ደወል የሚመልስለት ይመስላል።

ከጎረቤላ ከተማ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው መንገድ የጥንት ነጋዴዎች መንገድ ነው። ከበረሃ የመጣው ጨው በግመል እስከ ተራራው ሥር ደርሶ ከዚያ ወዲያ በአህያና በበቅሎ ይወጣበት ነበር። በአልዩ አምባ ገበያ አማራው፥ አርጎባውና አፋሩ፥ ክርስቲያኑና እስላሙ ይገናኙ ነበር፤ ዛሬም ይገናኛሉ። እንዲህ ያለ የሰው መተላለፊያ የሆነ አገር የሚገባበትን ሁሉ መርጦ ማስገባት አይችልም። ፈንጣጣም ሆነ ኩፍኝ በሰው እስትንፋስና በሰው እግር የሚሄዱ ናቸውና፥ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አብረው ይሰበሰባሉ። ሰው የሚሰበሰበውም በገበያ ብቻ አይደለም፤ በለቅሶ ቤት፥ በሠርግ ቤት፥ ከሁሉም ይልቅ ሳያስጠረጥር በአራስ ቤት ይሰበሰባል። እኛም ወደዚያ የሄድንበት ጉዳይ ይኸው የአራስ ቤት ጉዳይ ነበር።

በ2015 ዓ.ም.፥ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጥር 13 ቀን፥ ስምንተኛ ወሯን የያዘች ነፍሰ ጡር እኅታችንን ይዘን ወደ እናታችን ቤት ወረድን። ቤቱ ከጎረቤላ በታች በአልዩ አምባ መንገድ ዳር ነው። ባሏ በሥራ ምክንያት ሩቅ አገር ስለ ነበረ፥ ለአራስነቷ ከእናቷ እጅ የሚሻል አልታያትም። ከእርሷም ጋራ ማሙሽ ነበር፤ ጥቅምት 12 ቀን 2014 ዓ.ም. የተወለደ፥ እግሩ ገና የጸና፥ ዶሮ ያየ እንደ ሆነ እናቱንም የሚረሳ ልጅ ነው። የሚወለደው ሕፃን የሚጠበቀው በየካቲት መጨረሻ ነበር። የልጆቹ መቀራረብ ለጎረቤት ሴቶች መጠነኛ የሳቅ ምክንያት ሆነ፤ እኅታችንም አብራ ሳቀችና ነገሩ በዚያው አለፈ።

ከጓዟ ሁሉ አጥብቃ የያዘችው አንድ የታጠፈ ካርድ ነበር። በላዩ ማሙሽ በተወለደ ጊዜ በቀኝ ክንዱ የተወጋው የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ፥ በአፉም የተጨመረለት የፖሊዮ ጠብታ፥ ከዚያ በኋላ በ45 ቀኑ፥ በሁለት ወር ተኩሉና በሦስት ወር ተኩሉ የተሰጡት፥ በ9 ወሩም የተወጋው የኩፍኝ ክትባት ከነቀናቸው ተጽፈው ነበር። ባዶ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ይኸውም በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ነው። አሥራ አምስተኛው ወር የሞላው በመነሻችን ዋዜማ፥ በሚካኤል ዕለት ነበርና በአዲስ አበባ ለማስከተብ ጊዜ አልተገኘም። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የኩፍኝ ዘመቻ በተደረገ ጊዜም በሳንባ ምች ታሞ ተኝቶ ስለ ነበረ አምልጦታል።

በ9 ወሩ ከተከተበ ስለ ምን ይደገማል የሚል ቤተ ሰብ ይኖር ይሆናል። ሕፃን በማሕፀን ሳለ ኩፍኝን የሚከላከል ኀይል ከእናቱ ደም ይቀበላል፤ ይህም ኀይል ከተወለደ በኋላ እያደር ይደክማል። በ9 ወሩ የሚሰጠው ክትባት ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው፤ ነገር ግን የእናቱ ስጦታ በአንዳንዱ ሕፃን ላይ ገና ጥቂት ስለሚቀር፥ የራሱም ሰውነት ገና ለጋ ስለ ሆነ፥ በዚያ ዕድሜ ከሚከተቡት 100 ሕፃናት ክትባቱ የሚጸናላቸው ወደ 85 የሚሆኑት ናቸው። ሁለተኛው የተሠራው ለቀሩት ነው። ማን ከ85ቱ፥ ማን ከ15ቱ እንደ ሆነ ከፊት አይነበብምና ለሁሉም ይሰጣል፤ በአገራችን መደበኛ የሆነው ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የኩፍኝ ነገር ቀላል አይደለም፤ በሽተኛው ከቤት ከወጣ በኋላ እንኳ በሽታው በዚያው ቤት አየር ውስጥ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል፤ መከላከያ የሌላቸው ዐሥር ሰዎች ከበሽተኛው ጋራ ቢውሉ ዘጠኙ ይያዛሉ።

በዚያ ቀበሌ ያለው ጤና ኬላ ከእናታችን ቤት በእግር የአንድ ሰዓት ጥቂት ጎደሎ መንገድ ነው። ክትባት የሚሰጠው በወር አንድ ቀን፥ በ19 በገብርኤል ዕለት ነበር። ገበሬው በዚያ ቀን በሬ ስለማይጠምድ እናቶች ሰው ያገኛሉ፤ ቀኑ የተመረጠው ስለዚህ ነው። በየዕለቱ የማይሰጥበት ምክንያትም አለ። የኩፍኝ ክትባት በትንሽ ጠርሙስ ውስጥ እንደ ዱቄት ደርቆ ይመጣል፤ አንዱ ጠርሙስ ለዐሥር ልጆች ነው፤ በውኃው ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፥ የተረፈው ይደፋል። ከጤና ጣቢያው እስከ ጤና ኬላው ድረስም በበረዶ በታሸገ ሳጥን፥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መድረስ አለበት። በአንኮበር ደጋ ቅዝቃዜ አይቸግርም እንል ይሆናል፤ ከደጋው ወደ ቆላ በአንድ ቀን ለምትወርድ ሳጥን ግን ጭጋጉ አይበቃትም።

እንግዲህ ያለን ቀን ጥር 19 ወይም የካቲት 19 ነበር። የካቲት 19 ደግሞ ከመውለጃዋ ጋራ የሚገናኝ ነው።

እናታችን ነገሩን በሰሙ ጊዜ፥ “አሁን አይወጋም፤ ትውለድና ትነሣ፥ ከዚያ ይደረሳል” አሉ። ምክንያታቸው ሁለት ነበር። አንደኛው፥ በመርፌው ውስጥ ያለው ራሱ ኩፍኙ ነው ሲባል ሰምተዋል፤ ሕያው በሽታ የተወጋ ልጅ ነፍሰ ጡር እናቱ ጉያ ውስጥ ሲያድር በማሕፀን ያለው እንዴት ይሆናል የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ልጁ ትኩሳት ቢነሣበት ከእናቱ ጀርባ አይወርድም፤ እርሷም በዚያ ሆዷ ልታዝለው አትችልም የሚል ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፥ ስምንት ልጅ የወለዱ ሴት የሚናገሩትን የአላዋቂ ነገር ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ሁለቱም ጥያቄ የሚጠየቅ ነው፤ በአዲስ አበባም ብዙ የተማሩ እናቶች በልባቸው ይጠይቁታል፥ ሳይጠይቁም ቀኑን ያሳልፉታል።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ የእናታችን የንስሐ አባት ቡና ሊጠጡ ገቡ። እኚህ አባት ባሕረ ሐሳብ ያወቁ፥ በዓልና አጽዋማትን በጣታቸው አንጓ የሚቈጥሩ ሰው ናቸው። እናታችን ነገሩን አቀረቡላቸው፤ “አባ፥ እርስዎ ይፍረዱ” አሉ።

አባም ፍርዱን ትተው ጥያቄ ጠየቁ። “ትኩሳቱ የሚመጣው በስንተኛው ቀን ነው?” አሏት እኅታችንን።

“በአዲስ አበባ የነገሩኝ ከአምስተኛው እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ቀን ባለው ነው፤ የሚመጣውም ለጥቂቶቹ ልጆች ነው፤ ብዙዎቹ ምንም አይሰማቸውም” አለች።

አባ ግራ እጃቸውን ዘርግተው በአውራ ጣታቸው አንጓውን ይቈጥሩ ጀመር። “ጥር 19 ቢወጋ፥ ጥር 24 ይጀምራል፤ የካቲት 1 ያልቃል። ጾሙ የሚገባው የካቲት 13 ነው። እንግዲህ ልጁ ታሞ ቢሆን እንኳ ድኖ፥ ቅበላውን በልቶ፥ እናቱም ዐርፋ ትጠብቃለች።” ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው አንጓ ተነሡ። “የካቲት 19 ቢወጋስ? የካቲት 24 ይጀምራል፥ መጋቢት 1 ያልቃል።” እጃቸውን አጠፉና ወደ እናታችን ተመለከቱ። “ትኩሳቱና ምጡ በአንድ ሳምንት ይውላሉ፤ ያን ጊዜ ማን ማንን ይይዛል?”

እናታችን ዝም አሉ። ስኒውን አጥበው ሁለተኛውን ቀዱ፥ ጨው ጨመሩበት፥ ለአባም አቀረቡ። ከዚያ በኋላ ስለ ታላቅ ወንድማችን ነገሩን።

እኛ ይህን ወንድማችንን አላየነውም። በ1958 ዓ.ም. የተወለደ የበኵር ልጅ ነው። በ1960 ዓ.ም. ታላቋ እኅታችን ስትወለድ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። የአራስ ቤት ደንብ ነውና ገንፎው ተገነፋ፥ ጎረቤቱ ሁሉ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ሊል መጣ። ከመጡት አንዲቱ ዐይኑ የቀላ፥ አፍንጫው የሚዝረበረብ ልጅ ይዛ ነበር፤ “ጉንፋን ነው” አለች፥ እንደ ጉንፋንም ታየ። ኩፍኝ በመጀመሪያው ሦስት አራት ቀን በእርግጥ ጉንፋን ይመስላል፤ ሽፍታው ሳይወጣም ይተላለፋል። ሁለቱ ልጆች ከመጋረጃው በስተ ኋላ ሲጫወቱ ዋሉ። ዐሥር ቀን ያህል እንዳለፈ ልጁን አተኰሰው። “ሁላችንም የምናየው አዲሲቱን ነበር” አሉ እናታችን፤ “እርሱን ያየው ሰው አልነበረም። ቀናተኛ ሆነ፥ ለዚያ ነው የሚያለቅስ አልን።” ሽፍታው ሲወጣ ደረቱ ተዘግቶ ነበር። ታላቋ እኅታችን ክርስትና ሳትነሣ እርሱ ተቀበረ። በዚያን ዘመን የኩፍኝ ክትባት በውጭ አገር ከተገኘ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር፤ ወደዚህ ቁልቁለት ግን አልደረሰም። የሕፃናት ክትባት በአገራችን በሰፊው የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው።

“ሕፃኒቱን ግን ወተቴ ጠበቃት” ብለው ጨረሱ እናታችን። ከወተቱ ይልቅ የጠበቃት ከመወለዷ በፊት የተቀበለችው ነው። እናታችን በልጅነታቸው ኩፍኝ ወጥቶባቸው ነበርና ያ ብርቱ መከላከያ ወደ ማሕፀኗ ልጅ ተላለፈ። የዛሬዋ እኅታችን ግን በ1980 ዓ.ም. የተወለደችና የተከተበች ናት፤ በበሽታው አልታመመችም። የተከተበች እናት ለልጇ የምታወርሰው መከላከያ አለ፤ ነገር ግን በበሽታው ካለፈችው እናት ውርስ ያነሰ፥ ፈጥኖም የሚያልቅ ነው። ስለዚህ የዛሬው አራስ ሕፃን ዙሪያውን በተከተቡ ሰዎች መከበብ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልገዋል፤ ከእነዚህም ሰዎች ሁሉ አብልጦ የሚስመው፥ በፊቱም የሚያስለው ታላቅ ወንድሙ ነው።

አባ ሊነሡ ሲሉ እናታችን፥ “እንግዲያስ እኔው አዝዬው እሄዳለሁ” አሉ። ሌላ ክርክር አልነበረም።

ጥር 19 ቀን ፀሐይ ከአፋር በኩል ስትወጣ ተነሣን። በዚያ አገር የማለዳ ፀሐይ ከታች ወደ ላይ የምትወጣ ትመስላለች፤ ቆላው አስቀድሞ ይበራል፥ እኛ የቆምንበት ገና በጥላ ነው። እኅታችን በቤት ቀረች። እናታችን ማሙሽን በቆዳ አንቀልባ አዘሉት፤ እኛ እንያዝልዎ ብንል አልሰጡንም። መንገዱ በማሽላ ቆረንና በግራር መካከል ቁልቁል ይጥላል፤ ወንዙን ስንሻገር ከየአቅጣጫው ጥላ የያዙ፥ ልጅ ያዘሉ ሴቶች ተቀላቀሉን፤ ቀሚሳቸውና ነጠላቸው የገብርኤል ልብስ ነበር።

ጤና ኬላው ባለ ቆርቆሮ ጣራ አነስተኛ ቤት ነው፤ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየገጠሩ ቀበሌ ከተሠሩት አንዱ ሲሆን፥ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነበሩበት። አንዲቱ ካርድ ታያለች፥ አንዲቱ ትወጋለች። ተራችን ሲደርስ እናታችን ልጁን ከማውረዳቸው በፊት ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ። “ልጄ፥ እናቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ይህ ነገር ወደ እርሷ አይተላለፍም?”

“እማማ፥ ጥያቄዎ ጥሩ ነው” አለች ሠራተኛዋ። “ክትባቱ ሕያው ነው፥ ነገር ግን የተዳከመ ነው፤ ከተከተበው ልጅ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ለነፍሰ ጡሯ ለራሷ አንወጋትም፤ ለልጇ ግን እንወጋለን። ወደ እርሷ ሊያመጣባት የሚችለው ያልተከተበ ልጅ የሚይዘው እውነተኛው ኩፍኝ ነው።” ደግሞም፥ የፖሊዮ ጠብታ የወሰደ ልጅ ለጥቂት ሳምንታት በዐይነ ምድሩ ስለሚወጣ፥ ሽንት ጨርቁን የሚለውጠው ሰው እጁን በሳሙና እንዲታጠብ፥ ይህም ቢሆን ጠብታውን ለመከልከል ምክንያት እንዳይደለ ነገረችን። በዚያን ቀን ጠንካራ ትኩሳት ያለበትን አንድ ልጅ ግን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ነግራ ሳትከትበው አሳልፋዋለች።

መርፌው በግራ ክንዱ ነበር። ማሙሽ ጮኸ፤ ከጤና ኬላው ደጅ አንዲት ዶሮ ስታልፍ አየና ጩኸቱን በመካከል አቋረጠው። ሠራተኛዋ በካርዱ ባዶ ቦታ ላይ ቀኑን ጻፈች። ክትባት የሚለው ቃል ከ“ከተበ” የወጣ ነው፥ ይኸውም መጻፍ ማለት ነው፤ በአንገት የሚንጠለጠለው ክታብም ዘመዱ ነው። እናታችን ማሙሽ አንገት ላይ ማዕተብ እንጂ ክታብ አላሰሩለትም፤ ካርዱን ግን አጥፈው በመቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።

እዚያው ዛፍ ሥር ዐርፈን ሳለን እናታችን እጅጌያቸውን ሰብስበው በክንዳቸው ላይ ያለውን ክብ ጠባሳ አሳዩን። የፈንጣጣ ነው። ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በአገራችን የተጀመረው በጥር 1963 ዓ.ም. ነበር፤ ከታቢዎቹ ጫፉ እንደ ሹካ የሆነ መርፌ ይዘው መኪና በማይደርስበት ሁሉ በእግርና በበቅሎ ዞረዋል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ክፍለ ሀገር ዲሞ በተባለ ሥፍራ ነው። ያ ጠባሳ ከእናታችን ልጆች በታናናሾቹ ክንድ ላይ የለም፤ የሚያስፈልግበት በሽታ ጠፍቷልና። ኩፍኝ ግን አለ።

በስምንተኛው ቀን፥ ጥር 27፥ ማሙሽን አተኰሰው። እናታችን በአባ ጣት የተቈጠረው ቀን መሆኑን ዐውቀው አልደነገጡም። ውኃና አጥሚት እየሰጡ፥ ልብሱን እያቀለሉ፥ ጤና ኬላው የሰጠንንም የትኩሳት ሽሮፕ በልኩ እያጠጡ ሁለት ሌሊት ከእርሳቸው ጋራ አስተኙት። በአንገቱ ዙሪያ ጥቂት ነጠብጣብ ታየና ጠፋ። እኅታችንም ቀን ቀን አጠገቧ እያስቀመጠች ታጫውተው ነበር፤ ከእርሷ መለየት አላስፈለገውም። ጥር 30 ቀን ከዶሮዎቹ ኋላ ነበር።

ጾም ከገባ በኋላ እኅታችን በጎረቤላ ጤና ጣቢያ ወዳለው የእናቶች ማቆያ ወጣች፤ ከዚያ ቁልቁለት ሌሊት በምጥ መውጣት አይታሰብምና። የካቲት 26 ቀን ሴት ልጅ ወለደች። እርሷ ራሷ በእርግዝናዋ ወራት የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ተከትባ ነበር፤ ሕፃኒቱም ከጤና ጣቢያው ሳትወጣ የሳንባ ነቀርሳውን መከላከያና የመጀመሪያውን የፖሊዮ ጠብታ ተቀበለች። ከዚያ በላይ እስከ 45 ቀን የሚሰጣት አልነበረም። ይህ ጊዜ ትክትክ ለሕፃን ከሁሉ የሚከፋበት ጊዜ ነው፤ የስድስት ሳምንት ልጅ ለመሳል ኀይል የለውም፥ ትንፋሹ ዝም ብሎ ይቋረጣል። ማሙሽ የትክትኩን ሦስት ክትባት በጊዜው ጨርሶ ነበርና በእርሱ በኩል ያለው ስጋት ያነሰ ነበር፤ ጠያቂው ግን ብዙ ነው። እናታችን በዚህ ጊዜ በደጃቸው አዲስ ደንብ አወጡ፤ የሚያስለው ልጅም ሆነ ትልቅ ሰው በውጭ መደብ ላይ ተቀምጦ ገንፎውን ይበላል፥ “እንኳን ማርያም ማረችሽ”ም ከደጅ ሆኖ ይላል። አንዳንዱ ቅር አለው፤ ገንፎው ግን ቅቤው የበዛ ነበር፥ ለጾመኞቹም በተልባ የተሠራው ነበርና ማንም ሳይበላ አልሄደም።

ሴት ልጅ በመሆኗ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ በ40 ቀን፥ ሴት በ80 ቀን ትጠመቃለች፤ ነገሩ በኦሪት ዘሌዋውያንና በመጽሐፈ ኩፋሌ የተመሠረተ ነው። ወንድ ቢሆን ኖሮ ክርስትናው አስቀድሞ፥ የ45 ቀኑ ክትባት አምስት ቀን ዘግይቶ ይመጣ ነበርና ማንም አያስብበትም። ሴት ልጅ ግን የ45 ቀን ክትባቷ ከክርስትናዋ በ35 ቀን ይቀድማል። በብዙ ቤት አራስ እስከ ክርስትናው ቀን ከደጅ አትወጣም፤ ስለዚህ የሴት ልጆች የመጀመሪያ ክትባት ሳይታወቅ ወደ ሦስተኛው ወር ይገፋል፥ ይኸውም ትክትክ በሚፈራበት ጊዜ ማለት ነው። እናታችን ይህንኑ ለአባ አቀረቡ።

አባም፥ “ሰማንያው ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ነው፥ ወደ ሐኪም ለመሄድ አይደለም” አሉ። “በመጽሐፈ ሲራክ 38ኛው ምዕራፍ ስለ ሐኪም የተጻፈውን እኛው ሰብከን እኛው ልንከለክል ነውን? ፀሐይ እንዳይመታት ሸፍናችሁ ውሰዷት።”

አርባ አምስተኛው ቀን ሚያዝያ 11፥ ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ቀን ዋለ። በጤና ኬላው የክትባቱ ቀን ሚያዝያ 19 ነበርና ያን ቀን ተጠበቀ። በዚህ ጊዜ እናታችን አዲሲቱን አዘሉ፤ ማሙሽ አያቱ ጀርባ ላይ ሌላ ሰው በማየቱ እስከ ወንዙ ድረስ አልቅሶ፥ ከዚያ ወዲያ በእኛ ትከሻ ላይ ሆኖ ሄደ። ግንቦት 16 ቀን ክርስትና ተነሣች። የሁለተኛው ክትባቷ ቀን ግንቦት 19 በመሆኑ እኅታችን ወደ አዲስ አበባ መመለሷን አራት ቀን አዘገየችው፤ ግንቦት 20 ማለዳ ጎረቤላ ላይ አውቶቡስ ስንጠብቅ ቆላው በጭጋግ ተሞልቶ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ በቀር የሚታይ አልነበረም፤ በእኅታችን ቦርሳ ውስጥም አሁን ሁለት ካርድ ነበር።